ሐብሐቡን በበላችሁት ይሻል ነበር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ሁለት ጊዜ ከተሰበረብኝ በኋላ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ገዛሁ። የአጎቴ ልጅ ሳቀብኝ። «ሰው አንስቶ የሚጥለው ፎርቲ ፋይቭ ነው» አለኝ፤ ጥይቱ ከእኔው የሚወፍረውን፣ 0.45 ኢንች የሚባለውን ሽጉጥ ማለቱ ነው። ቅዳሜ ገጠር ወጥተን ሐብሐብና ውሃ የሞላ ጋሎን ላይ ተኮስን። የእሱ ሐብሐብ ብትንትኑ ወጣ፣ የእኔ ተሰነጠቀ። ልቀይረው?
ባለሱቁ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐብሐቡን በበላችሁት ይሻል ነበር።

እዚሁ ቨርጂኒያ አንድ የተኩስ መለማመጃ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ቀልሃ እጠርጋለሁ፣ የኪራይ ሽጉጥ አጸዳለሁ፣ ወሬ እሰማለሁ። የአጎትህን ልጅ ወሬ ያልሰማሁበት ሳምንት የለም። ሐብሐብ ማለት በቅርፊት የታሸገ ውሃ ነው። ጥይት ሲገባበት ውሃው መሄጃ ያጣና ቅርፊቱን ይበረግደዋል። ጋሎኑም ያው ነው። የሰው ጡንቻ ግን እንደ ላስቲክ ተለጥጦ ይመለሳል።

«አንስቶ ይጥላል» ለሚለው ደግሞ ሒሳብ እንሥራ። 8 ግራም አረር በሰከንድ 350 ሜትር እየበረረ መጥቶ 70 ኪሎ ሰው ውስጥ ቢቀር፣ ሰውየውን የሚገፋው በሰከንድ 4 ሴንቲ ሜትር ነው። ፎርቲ ፋይቩ 5 ገደማ ቢያደርሰው ነው። ሰው የሚያነሣ ቢሆንማ ተኳሹም በጀርባው ይወድቅ ነበር።

ክርክሩ የቆየ ነው። በ1904 እ.ኤ.አ. ሁለት የአሜሪካ ጦር መኮንኖች ቺካጎ ቄራ ድረስ ሄደው ከብት ላይ ተኩሰዋል። ሬሳ ላይም ሞክረዋል። ፎርቲ ፋይቭ ስሙን ያገነነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ነገሩን የለወጠው ሚያሚ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. በአንድ የተኩስ ልውውጥ ሁለት የኤፍቢአይ ወኪሎች ሞቱ፣ አምስት ቆሰሉ። አንዱ ተጠርጣሪ ገና ሲጀመር በ9 ሚሊ ሜትር ተመትቶ ነበር። አረሩ ክንዱን አልፎ ደረቱ ገባና ልቡ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ሰውየው መተኮሱን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ኤፍቢአይ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ጥልቀትን ሆነ፤ ከ12 እስከ 18 ኢንች፣ በሥጋ ፈንታ ጥይት በሚፈተንበት ጄልቲን በሚባል ለስላሳ ነገር ውስጥ።

ይህ ጄልቲን ከአሳማ ቆዳ የሚወጣ ነው (ከረሜላ ስትገዙ ጀርባውን ለምታነቡ)። 10 በመቶ ዱቄት፣ የቀረው ውሃ፣ 4 ዲግሪ ላይ የቀዘቀዘ። መጀመሪያ አንዲት የብረት ፍሬ በሰከንድ 180 ሜትር ይተኮስበታል። 8.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካልገባች ያ ጄል ለፈተና አይሆንም። ቪዲዮ ላይ የምታየው መስታወት የመሰለ ጄል ሰው ሠራሽ ነው፤ ቁጥሩን ከኤፍቢአይ ቁጥር ጎን ማስቀመጥ አይቻልም። ጥይቱ ሲያልፍ ጄሉ ውስጥ በስሎው ሞሽን የሚነፋው ትልቅ ፊኛም አያስደንግጥህ፣ በሽጉጥ ጥይት ሲሆን አብዛኛው ተመልሶ ይዘጋል።

ትክክለኛው ጄልቲንም ቢሆን አጥንት የለው፣ ሳንባ የለው። ሰው ላይ ምን እንደሚሆን አይነግርህም። አንዱን ጥይት ከሌላው ለማወዳደር ነው የሚጠቅመው። ለምሳሌ ጫፉ የተቦረቦረ ጥይት (ሲመታ እንደ አበባ እንዲከፈት የተሠራ ነው) ወፍራም ልብስ አልፎም ይከፈታል ወይ? ጨርቅ ሞልቶት ድፍን ሆኖ የሚሄድ አለ።

አትቀይረው። ኤፍቢአይ ራሱ ከሚያሚ በኋላ ወደ ትልልቁ ሄዶ ሄዶ ወደ 9 ተመልሷል። ሐብሐብ የምትገዛበትን ብር ሱቅህ ውስጥ በምታስቀምጠው በዚያው ጥይት ላይ አውለው። በገዛ ሽጉጥህ ደጋግመህ ተኩስና ጥይቱ እየተቀረቀረ ሽጉጡን ያስቆመው እንደሆነ እይ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ፍጥነትም እንዳለ አትመነው። አፈሙዝህ አጭር ከሆነ ጥይቱ ከዚያ ይዘገያል።

አንድ ነገር ግን ሳትጠይቀኝ ልጠይቅህ። የሱቅህ የጀርባ ግድግዳ ጂፕሰም ነው? ጂፕሰምን የእሱም ጥይት ያልፈዋል፣ ያንተም ያልፈዋል። ጫፉ የተቦረቦረውም በጂፕሰም ዱቄት ይደፈንና ሳይከፈት ይቀጥላል። ከግድግዳው ማዶ ማን እንደሚውል ጻፍልኝ።