ከአሜሪካ የመጣው የጉልበት እንክብል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ 64 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ ከበርጩማ ስትነሳ ቀጭ ቀጭ ይላል። እህቴ ከአሜሪካ ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲን ያለበት ትልቅ ብልቃጥ ላከችላት። ለልቧ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ትወስዳለች። ትጀምረው?

መልስ፦ አያስጀምሯቸው። ብልቃጡ ላይ ቂም ይዤ አይደለም፤ ነገሩ ያለው ዋርፋሪኑ ላይ ነው። ግሉኮሳሚን የዋርፋሪንን ኃይል ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ያኔ ደም መፍሰስ ይመጣል። ጀምረውት ከሆነ አቁመው፣ ዋርፋሪኑን ለሚከታተለው ሐኪም ይንገሩና አይኤንአር (ደም ምን ያህል ቶሎ እንደሚረጋ የሚያሳየውን የደም ምርመራ) ይለኩ። ድዳቸው ከደማ፣ ሰውነታቸው እየበለዘ ከሄደ ወይም ሰገራቸው ከጠቆረ ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል።

ዋርፋሪን ባይወስዱስ? ብዙም አይጎዳቸውም፣ ብዙም አይጠቅማቸውም። ሁለቱም ንጥረ ነገሮች ጉልበት ውስጥ ባለው ለስላሳ አጥንት ይገኛሉ። እና "ቢዋጥ ያለቀውን ይተካል" ይባላል። የተዋጠው ግን ጉልበት ላይ ሄዶ አይለጠፍም። በ2006 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የአሜሪካ ጥናት 1,583 የጉልበት ሕመምተኞችን አይቶ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ከወሰዱት 67 በመቶው ገደማ ቀለል ብሏቸዋል። መድኃኒት የሌለበት ባዶ እንክብል ከዋጡትስ? 60 በመቶው! ባዶ የዋጠውንም ቀለል ይለዋልና፣ ጎረቤት "እኔን አድኖኛል" ስትል እየዋሸች አይደለም ማለት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ግሉኮሳሚን በአብዛኛው የሚሠራው ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት ነው፤ ኮንድሮይቲን ደግሞ ከእንስሳት። የሚጾም ሰው ቀድሞ ቢያውቀው ጥሩ ነው።

እርድም ወጥ ውስጥ ይሁን፤ በእንክብል የተጨመቀው ከዋርፋሪን ጋር አይሄድም። ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ከፋርማሲ ገዝተው እንዳይሰጧቸው፤ ከዋርፋሪን ጋር ጨጓራ ያደማል።

የሚሠራው ርካሹ ነው። በርጩማውን በከፍ ያለ ወንበር ይቀይሩላቸው፤ ቡናውንም እዚያው ሆነው ያፍሉ። ተቀምጠው አንዱን እግር ቀጥ አድርገው ይዘርጉ፣ እስከ አምስት ቆጥረው ያውርዱ። በየእግሩ አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበት ያርፋል። ወፍራም ከሆኑ፣ የሚቀንሱት አንድ ኪሎ በየእርምጃው ከጉልበታቸው ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ያነሳል።

አንድ ነገር ብቻ አይዘንጉ። ጉልበታቸው በድንገት ካበጠ በሎሚም በቅባትም አይሹት። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ላይ መገጣጠሚያው ውስጥ ደም ሊሆን ይችላል፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው።