አልድን ያለ ጭርት፦ ከጅማ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ብሽሽቴ ላይ የወጣው ጭርት ከፋርማሲ በገዛሁት ቅባት ይጠፋል፤ ሳቆም ግን ሰፍቶ ይመለሳል። መድኃኒቱን ተላምዶት ይሆን?

መልስ፦ መላመዱን ከመጠርጠርዎ በፊት የቅባቱን ቱቦ ያንብቡ። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ካለበት ስቴሮይድ አለው ማለት ነው። ስቴሮይድ ማሳከኩንና መቅላቱን ያስታግሳል እንጂ ፈንገሱን አይገድልም፤ እንዲያውም የቆዳውን መከላከያ ስለሚያዳክም ፈንገሱ ይስፋፋል፣ የጭርቱም ክብ ጠርዝ ስለሚደበዝዝ ባለሙያው ሳይቀር ችፌ ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል። ቅባቱን አቁመው የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ፤ ከጠርዙ ጥቂት ቅርፊት ተፍቆ፣ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ተደርጎበት በማይክሮስኮፕ ይታይ። ይህ ቀላል ምርመራ ሳይደረግላቸው ለዓመታት ቅባት የሚቀያይሩ ሰዎች ነገር በእጅጉ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ እኔ ስቴሮይድ አልተቀባሁም፤ ምርመራውም ፈንገስ ነው ብሏል። ተርቢናፊን የተባለውን ፀረ ፈንገስ እንክብል አንድ ወር ውጬ ለውጥ የለም።

መልስ፦ በየቀኑ 250 ሚሊግራም ሳያቋርጡ ከወሰዱ፣ እውነተኛ መላመድ ሊሆን ይችላል። በ2020 እ.ኤ.አ. ትሪኮፋይተን ኢንዶቲኒ የተባለው፣ በሕንድና በአካባቢዋ በስፋት የታየው የፈንገስ ዝርያ፣ ተርቢናፊን የሚያጠቃው ኢንዛይም ስለተለወጠ ብዙ ጊዜ ለመድኃኒቱ አይበገርም። እንዲህ ሲሆን ሐኪሞች በአብዛኛው ኢትራኮናዞል ወደተባለው ሌላ ፀረ ፈንገስ ይዞራሉ፤ በቀን 200 ሚሊግራም፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። እንክብሉ ከምግብ ጋር ይዋጣል፤ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ፣ የጨጓራ አሲድ ሲቀንስ መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደም አይገባምና። የልብ ድካም ላለበት ሰው አይሆንም፤ የጉበት ምርመራም ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ የቲቢ መድኃኒት ላይ ነኝ፤ ኢትራኮናዞል ልጀምር?

መልስ፦ አይጀምሩ። ከቲቢ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ኢትራኮናዞልን ከሰውነት ቶሎ ስለሚያስወግደው አይሠራልዎትም። የቲቢ ሕክምናዎን ሳያቋርጡ፣ ለጊዜው በሚቀባ ፀረ ፈንገስ ስለመቆየት ሐኪምዎን ያማክሩ።

ጥያቄ፦ ነጭ ሽንኩርት ደቁሶ መቀባትስ?

መልስ፦ ቆዳ ያቃጥላል፤ ይተዉት።

ጥያቄ፦ ታክሜ እድናለሁ፤ ክረምት ሲገባ ግን ይመለሳል።

መልስ፦ የጅማ ዝናብ ልብስ አያደርቅም፤ እርጥብ የውስጥ ሱሪና ቀኑን ሙሉ የሚደረግ ቦቲ ለፈንገስ ምቹ ናቸው። ልብሱ በፈላ ውኃ ይታጠብ፣ ካልደረቀም በካውያ ይተኮስ። ፎጣና ጋቢ የሚጋሩ የቤተሰብ አባላት ካሳከካቸው አብረው ይታከሙ፤ ቆረቆር ያለበት ሕፃን ካለ ደግሞ ቅባት ብቻውን አይበቃውም፣ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። በተደጋጋሚ ለሚመለስበት ሰው የስኳርና የኤችአይቪ ምርመራም ማድረግ ተገቢ ነው።

ጥያቄ፦ መቼ ላቁም?

መልስ፦ ማሳከኩ ስለቆመ ብቻ አያቁሙ። ቅርፊቱና ጠርዙ ፈጽሞ ጠፍተው፣ ሐኪሙ ቆዳውን ዳግም ካየ በኋላ ይሁን።