የነጩ ሳቲን ጫማ ዕድሜ፦ ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ይታይ

እህቴ፣ የገዛሽው ጫማ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ቡድናችንን የጠየቅሽውን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ፎቶዎቹንም አጉልቼ አየኋቸው። ነጭ የሳቲን ጫማ ነው፤ ታኮ የለውም፣ አፍንጫው አራት ማዕዘን ነው፣ ቀኝና ግራው አይለይም፣ በጎኑ የሚታሰር ጥብጣብ አለው። ሻጩ ደግሞ «ከፈረንሳይ አብዮት በፊት፣ በ1780ዎቹ የተሠራ ነው» ብሎሻል። ያገኘሽው የእውነት የጥንት ጫማ ነው፤ እንኳን ደስ አለሽ። ዓመቱ ግን ትክክል አይደለም። እኔ ብሆን ከ1830 እስከ 1855 ባለው ጊዜ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሻጩን ያሳሳተው ቀኝና ግራው አለመለየቱ ይመስለኛል። በአውሮፓ በ1600 አካባቢ ታኮ ሲለመድ፣ ለየእግሩ የተለየ ፎርማ (ጫማው የሚሠራበትን የእግር ቅርጽ እንጨት) መቅረጽ አስቸጋሪና ውድ ሆነ። ስለዚህ ሁለቱም ጫማዎች በአንድ ዓይነት ቀጥ ያለ ፎርማ ይሠሩ ጀመር። ይህ ልማድ ግን ከአብዮቱ ጋር አብሮ አልጠፋም። የሴቶች ስስ ጫማ እስከ 1850ዎቹ፣ አንዳንዱም ከዚያ በኋላ፣ ቀጥ እንዳለ ቆይቷል። የፓሪስ ጫማ ሰሪዎች እንዲያውም ውስጡ ትንሽ ወረቀት እየለጠፉ በአንዱ ላይ «ቀኝ»፣ በሌላው ላይ «ግራ» የሚል የፈረንሳይኛ ቃል ያሰፍሩ ነበር። ያንቺ ጫማ ላይ ወረቀቱ ባይኖርም የለበሰችው ሴት እግር ምልክቱን ትቷል። በሦስተኛው ፎቶ ላይ ሳቲኑ በትንሿ ጣት በኩል ሳስቶ ክሩ ወጥቷል፤ ያኛው የግራ እግር ነው። የዚያ ዘመን ሶላ ከእግር ይልቅ ጠባብ ስለነበር ጨርቁ በጎን በኩል መሬት እየነካ ያልቅ ነበር።

የ1780ዎቹ ጫማ ቢሆን ኖሮ ታኮ ይኖረው ነበር፤ አፍንጫውም ሹል ይሆን ነበር። ታኮ እየወረደ መጥቶ የጠፋው በ1790ዎቹና በተከታዮቹ ዓመታት ነው። አራት ማዕዘኑ አፍንጫ የመጣው ደግሞ ከ1820ዎቹ ወዲህ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 ለሠርጓ ያደረገችው ጫማ በእንግሊዝ አገር በኖርዛምፕተን ሙዚየም ይገኛል፤ ነጭ ሳቲን፣ ታኮ የሌለው፣ አፍንጫው አራት ማዕዘን፣ በጥብጣብ የሚታሰር ነው። ካንቺው ጋር አስተያዪው።

ይሁን እንጂ ቅርጽ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ይህን የተማርኩት በራሴ ኪሳራ ነው። አዲስ አበባ፣ በአባቴ የጫማ ሥራ ቤት ወስፌ ይዤ ነው ያደግሁት። አሁን የምኖረው ማሳቹሴትስ ነው፤ ቀድሞ የሴቶች ጫማ ዋና ከተማ ከነበረችው ከሊን ብዙም አልርቅም። ከዓመታት በፊት በአንድ የአሮጌ ቤት ዕቃ ሽያጭ ላይ ጥልፍ ያለበት፣ ታኮው ወገቡ የገባ፣ ትልቅ ዘለበት ያለው ጥንድ ጫማ አገኘሁና በእጄ ላይ የነበረውን ገንዘብ ሁሉ ከፍዬ ወሰድኩት። የ1760ዎቹ መሆኑን አልተጠራጠርኩም። ማታ በእጅ ባትሪ ውስጡን ሳይ ተረከዙ ላይ ገበሩ ተላቆ ነበር። ጣቴን ሰድጄ ስዳስስ የውስጠኛው ሶላ ዙሪያውን ርቀቱ አንድ ዓይነት በሆነ ስፌት ተያይዟል። ያን ጊዜ ልቤ ስንጥቅ አለ።

በእጅ የሚሰፋ ሰው እንዲህ ዓይነት ስፌት አይሰፋም፤ ጫማው ውስጥ ገብቶ በዚያ በኩል ወስፌ የሚወጋበት ቦታ የለውም። ሶላን ከጫማው ውስጥ አልፎ የሚሰፋው ማሽን ነው፤ ቀንድ የመሰለ ክንዱን ወደ ጫማው ያስገባል። ላይማን ብሌክ ለዚህ ማሽን የፈጠራ መብት ያገኘው በ1858 ነው፤ በፋብሪካ የተስፋፋው በ1860ዎቹ ነው። ስለዚህ ያ ጫማ ከዚያ በፊት ሊሠራ አይችልም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፋሽን እንደገና ተወዶ ስለነበር፣ ታኮውም ዘለበቱም የቅድመ አያቶችን መልክ ይዘው ተሠርተዋል።

ያንቺን ጫማ በዚህ መንገድ ፈትሺው፤ ግን ተጠንቀቂ። የውስጠኛው ሶላ ላይ እንዲህ ያለ የማሽን ስፌት ካገኘሽ ከ1858 በኋላ የተሠራ መሆኑ ይረጋገጣል። ስፌት ካላየሽ ግን የዚያ ተቃራኒ ነው ማለት አይደለም። ስስ የሴቶች ጫማ በአብዛኛው ተገልብጦ ይሰፋና ከዚያ ይመለስ ስለነበር ስፌቱ ተደብቆ ይቀራል፤ ይህም አሠራር ብዙ ዘመን ቆይቷል።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ፤ ባንቺ ጫማ ላይ የሉም፣ ለሌሎች የቡድናችን አባላት ግን ይጠቅማሉ። የማሰሪያ ቀዳዳ ላይ የብረት ቀለበት ካለ ከ1823 ወዲህ ነው፤ ቀድሞ ቀዳዳው በክር ነበር የሚጠለፈው። ጎኑ ላይ ላስቲክ ያለው ቦት ከ1830ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። ቆዳው የተቆረጠበት ጠርዝ መሐሉ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ከሆነ ክሮም በሚባል ብረት ጨው የተለፋ ነው፤ ይህ አሠራር የፈጠራ መብት ያገኘው በ1884 ነው። በተረፈ እግርን አጥብቆ የሚይዝ፣ በጎን ረድፍ አዝራር ያለው ቦት ስታዩ በአብዛኛው ከ1870ዎቹ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ያለ ነው።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። አትሞክሪው፤ ለአንድ ደቂቃ እንኳ እግርሽን አታስገቢ። የዚያ ዘመን ሐር ደርቋል፤ አንዴ ከተሰነጠቀ የሚጠግነው የለም። በውኃም በሳሙናም አትንኪው። ከአሲድ ነፃ የሆነ ነጭ ወረቀት በቀስታ አጣጥፈሽ ውስጡን ደግፊው፣ ከፀሐይም አርቂው።

ከዚያ በቀን ብርሃን ሦስት ፎቶ ላኪልኝ፦ ሶላው ሙሉ በሙሉ፣ ገበሩ ተረከዝ ላይ፣ እና ጥብጣቡ ከሳቲኑ ጋር የተሰፋበት ቦታ። ገበሩ ላይ በቀለም የተጻፈ ቁጥር ወይም ስም ካለም አጉልተሽ አንሺው።