ዳዊት ሳልደግም በወጣሁበት ቀን

ጥያቄ፦ መምህር፣ ለብዙ ዓመታት መዝሙር 90ን («በልዑል መጠጊያ የሚኖር» የሚለውን) ሳልደግም ከቤት ወጥቼ አላውቅም ነበር። ወንድሜ በመኪና አደጋ ባረፈበት ዕለት ግን ረፍዶብኝ ሳልጸልይ ወጣሁ። አንዲት የማኅበራችን እኅት «በሩን ክፍት የተውሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ዳዊቴን መክፈት እፈራለሁ። ዳግመኛ በእግዚአብሔር ልታመን የምችለው እንዴት ነው?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ እግዚአብሔር የወንድምሽን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልሽ፤ አንቺንም ያጽናሽ። ከሁሉ አስቀድሞ ይህን እወቂ፤ ወንድምሽ የሞተው አንቺ ሳትጸልዪ ስለ ወጣሽ አይደለም። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ጌታችን ሲናገር፣ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ጠይቆ፣ አይደለም ሲል ራሱ መልሶታል (ሉቃ. 13፥4-5)። ያቺ እኅት ከድንጋጤ የተናገረችው ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም በኀዘንተኛ ላይ እንዲህ ያለ ፍርድ መስጠት ኃጢአት ነውና ንስሓ ትግባበት።

ይህን ፍርሃት በብዙ ምእመናን ዘንድ አይቼዋለሁ። ዳዊት መድገም መልካም ነው፤ ሥርዓቱን ስለምታውቂው አልዘረዝረውም። ነገር ግን ሳናስተውለው መታመናችን ከእግዚአብሔር ወደ ንባቡ ይዛወርና መዝሙሩን በአንገት እንደሚታሰር ክታብ እናደርገዋለን፤ በደገምንበት ቀን እግዚአብሔር ሊጠብቀን የሚገደድ፣ ባልደገምንበት ቀን ደግሞ ፊቱን የሚያዞርብን ይመስለናል። መዝሙሩንማ ዲያብሎስም ያውቀዋል። ጌታችንን በቤተ መቅደስ ጫፍ አቁሞ ራስህን ወርውር ባለው ጊዜ፣ መላእክቱን ስለ አንተ ያዝልሃል ብሎ የጠቀሰው ከዚሁ ከ90ኛው መዝሙር ነው (ማቴ. 4፥6)። ቃሉ እውነት ነበር፤ ተስፋውን አምላክን ማስገደጃ ሊያደርገው ስለ ፈለገ ግን ጌታ «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» ሲል ዘጋበት።

ዲያብሎስ ሳይጠቅሰው ያለፈውን ቁጥር ደግሞ አንቺ ተመልከቺው። በመዝሙሩ መጨረሻ አካባቢ እግዚአብሔር «በመከራውም ጊዜ ከእርሱ ጋር እሆናለሁ» ይላል (ቁ. 15)። በልዑል መጠጊያ የሚኖር ሰው መከራ ፈጽሞ የማያገኘው ቢሆን ኖሮ ይህ ቃል ባላስፈለገ ነበር። እንግዲህ የተሰጠሽ ተስፋ መከራው በቤትሽ ሲገባ እርሱ ትቶሽ እንደማይወጣ ነው፤ ይህም ተስፋ ረፍዶብሽ በወጣሽበት በዚያ ማለዳ ከአንቺ ጋር ነበረ።

አሁን 90ኛውን መክፈት ከከበደሽ አታስገድጂው። ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ ሲደገም የሐሙስ ድርሻው ከ81 እስከ 110 ያለው ነውና፣ በዚያው ክፍል ጥቂት ቀደም ብሎ 87ኛውን ታገኚዋለሽ። ይህ መዝሙር እንደ አብዛኞቹ የልቅሶ መዝሙራት በምስጋና አይዘጋም፤ ወዳጅና ዘመድ ርቀው፣ ሰውዬው በጨለማ እንዳለ ያበቃል። ሆኖም ያ ሰው ልቅሶውን ሲጀምር እግዚአብሔርን «የመድኃኒቴ አምላክ» ብሎ ነው የጠራው። ቤተ ክርስቲያን ይህን ጩኸት ቆርጣ አልጣለችውም፤ በ90ኛው አጠገብ አኑራ በየሳምንቱ ታስደግመናለች። መታመን ማለት እንባን መዋጥ ይመስልሽ ከሆነ፣ ይህን መዝሙር አልቅሰሽ ጸልዪው፤ የምትጠይቂውም ነገር ካለ እርሱኑ ጠይቂው።

ፍርሃቱን ደግሞ ለንስሓ አባትሽ ገልጠሽ ንገሪያቸው፤ ብቻሽን አትሸከሚው። ወደ ቀድሞው ልማድሽ በተመለስሽ ጊዜ ረፍዶብሽ የምትወጪበት ማለዳ መምጣቱ አይቀርም። ያን ቀን በመንገድ ላይ «አቤቱ፣ ማረኝ» ብለሽ ሂጂ፤ ማታ ስትመለሺ የቀረሽን በሰላም ትደግሚዋለሽ።