ከገላን አዋሽ ፓርክ ደርሶ መልስ ይቻላል ወይ ላልሽው እህት

ቅዳሜ ጠዋት ከገላን ተነስተን፣ ልጆቹ አዋሽ ፓርክ እንስሳ አይተው፣ ማታ ቤታችን እንገባለን ወይ ብለሻል። መግባቱን ትገቢያለሽ፤ እንስሳውን ግን አታዪም። እኔ ቱሉ ዲምቱ ነኝ፤ የክፍያ መንገዱ ደጃፋችን ስለሆነ ፓርኩም ቅርብ ይመስለናል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከአዳማ ወዲያ ደግሞ ከጅቡቲ ተሳቢ ጋር መጋፋት አለ።

1. ለአስጎብኚ ሙሉውን ብር አስቀድመሽ አትክፈዪ። እኛን የወሰደን ሰውዬ "ሌሊት 10 ሰዓት እንነሳለን" ብሎ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። ቃሊቲ የቀሩ ሰዎች አሉ ብሎ ወደ ኋላ መለሰን። አዳማ ቁርስ፣ መተሐራ ምሳ። ፓርኩ ውስጥ ኢላላ ሳላ ሜዳ ስንደርስ ስምንት ሰዓት፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ያየነው ግመልና የራሳችንን አቧራ ነው። ልጄ "አባ፣ እንስሳቱ ዛሬ ዝግ ናቸው?" አለኝ። ሰውዬው ሲጠየቅ "እንስሳ ቀጠሮ አይሰጥም" ብሎን አረፈው! ቀጠሮ ያላከበረው ማን ሆነና? ብሩን ለማስመለስ ቢሮው ብመላለስ ፀሐፊዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ "ኃላፊው ፊልድ ወጥቷል"። እስከ ዛሬ ፊልድ ላይ ነው።

2. ዋዜማውን መተሐራ ወይም አዋሽ ሰባት ኪሎ እደሩ። እንስሳው የሚግጠው ማለዳና ወደ ማታ ነው፣ ሲሞቅ ጥላ ይገባል። በኋላ በራሳችን መኪና ስንሄድ እንዲያ አደረግን፤ በጠዋት በሩ ላይ ነበርን። ስካውቱን፣ ማለትም የፓርኩን ጠባቂ፣ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጡት፣ ባለቤትሽ ቢያኮርፍም። የእኛው ዳሽቦርዱን መታ መታ አድርጎ "አቁም" አለኝና በአገጩ አሳየን። ለእኔ የሚታየኝ ግራር ብቻ። ቆይቶ ከግራሩ ሥር ጥቁር ጭራ ተወዛወዘ፤ ሳላ ነው፣ ያ ረጅም ቀጥ ያለ ቀንድ ያለው የዱር እንስሳ። ከኋላው ሌሎችም ወጡ። ወደ ጎን ሲዞር ሁለቱ ቀንዶች ስለሚገጥሙ ልጄ "ባለ አንድ ቀንድ ነው" ብሎ ከስካውቱ ጋር ክርክር ገጠመ። ሴቷም ቀንድ አላትና ወንድ ነው ሴት ናት ብላችሁ አትድከሙ። የሜዳ ፍየል፣ ከርከሮ፣ እንሹም አየን። ያን አስጎብኚ አምነው አብረውን የሄዱት ጎረቤቶቼ ፎቶውን ሲያዩ ከኢንተርኔት ያወረድኩት መሰላቸው።

3. ፓርኩ ውስጥ ያለው የአዋሽ ወንዝ ፏፏቴ ጋ መስኮት ዝጉ። የባለቤቴን ድፎ ዳቦ ዝንጀሮ ከእጇ ነጥቋታል። በነገራችን ላይ ከፏፏቴው በላይ ያለውና ከታች ያለው ዝንጀሮ ዘሩ ይለያያል፤ የታችኛው ወንዱ ጋቢ የደረበ ሽማግሌ ነው የሚመስለው፣ እዚያው አካባቢ ደግሞ ይዳቀላሉ። ለልጆቹ አሳያቸው በይው ስካውቱን፣ ካልተጠየቀ አይናገርም።

ከክረምቱ ማግስት ሣሩ ረጅም ነው፣ ታኅሣሥና ጥር ይሻላል። ከብትና ግመል ሜዳው ላይ ብታገኚ አትቆጪ፤ ፓርኩ በ1966 እ.ኤ.አ. ሳይቋቋም በፊትም የከረዩና የአፋር ግጦሽ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጡ እዚያው ፓርኩ ጋ ያለውን የፈንታሌ ተራራ አካባቢ ሲያናውጥ ከርሞ ነበርና፣ ከመነሳትሽ በፊት ስለ መንገዱም ስለ ፀጥታውም ደውለሽ አጣሪ።

ማደር ጨርሶ ካልተቻለ አዋሽን ተይው። በሰበታ በኩል መናገሻ ሱባ ጫካ ሂዱ፤ ጉሬዛ ታያላችሁ፣ ከቀናችሁ ድኩላም። የዚያን አስጎብኚ ስም በውስጥ መስመር ጠይቂኝ፣ እዚህ አልጽፍም።