ስለቱ የጃቫ፣ ሰገባው የሌላ

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሄግ ውስጥ አንድ የጨረታ ቤት ልምምድ ላይ ነሽ። አለቃሽ የኢንዶኔዥያ ጩቤዎች ደርድሮልሽ «ከየት እንደመጡና የንድፋቸውን ስም ጻፊ» ብሎሻል። አንቺ ደግሞ «ይሄ ነገር እንጀራ ይሆነኛል ወይ?» ትያለሽ።

ብቻውን አይሆንም። ከሌላ ሙያ ጋር ከያዝሽው ግን ተፈላጊ ያደርግሻል።

ጩቤው፣ ክሪስ (በአገሩ ስሙ ነው)፣ አንድ ዕቃ አይምሰልሽ። ስለቱ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ እጀታና ሰገባው ሲያረጅ ይቀየራል። ስለዚህ ቅጹ ላይ «ጃቫ» ብለሽ፣ በአንድ ደሴት ስም አትገላገዪ። ለየአንዳንዱ ለየብቻ ጻፊ። እጀታው እንደ ወፍ ራስ ከተቆለመመ ወደ ሱላዌሲ ደሴት፣ እዚያ ወደሚኖሩት ቡጊስ ሕዝቦች ያመለክትሻል። ቡጊሶች ግን መርከበኞች ነበሩና ያው እጀታ ሱማትራ ደሴትም አለ። ስለቱ ረዘም፣ ከበድ ብሎ ገጹ ከለሰለሰ የባሊን ደሴት አስቢ። የጃቫው ብዙ ጊዜ ሻካራ ነው።

የንድፉ ስም ሌላ ጥያቄ ነው። ንድፉን ፓሞር ይሉታል። አንጥረኛው ተራ ብረትና ኒኬል ያለበትን ብረት እየደራረበ ይቀጠቅጣል። ከዚያ በአርሴኒክና በሎሚ ጭማቂ ሲታጠብ ብረቱ ይጠቁራል፣ ኒኬሉ ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። (አርሴኒክ መርዝ ነው። ሎሚ አለኝ ብለሽ ቤት እንዳትሞክሪው! ስለቱን ስትነኪም ጓንት አድርጊ።) ነጠብጣቡ እንዲሁ ከተበተነ ብራስ ዉታህ ነው፣ «የተደፋ ሩዝ»። ክብ ክብ ሆኖ ከተሰለፈ ኡዳን ማስ፣ «የወርቅ ዝናብ»። ስሙ ግን አገር አይነግርሽም፤ ያው ንድፍ ጃቫም፣ ጎረቤቷ ማዱራ ደሴትም ይሠራል። ጀማሪ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

አዋቂዎቹም ይከራከራሉ። ደቾችን ተዋግቶ እ.ኤ.አ. በ1830 የተያዘው የጃቫው ልዑል ዲፖኔጎሮ ክሪስ በሆላንዷ ላይደን ከተማ ሙዚየም ውስጥ ማንነቱ ጠፍቶ ዓመታት ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ ኢንዶኔዥያ ሲመለስ «ናጋ ሲሉማን የተባለው የልዑሉ ክሪስ ይሄ ነው» ተባለ። ወዲያው ቅርጹ ከስሙ ጋር አይገጥምም የሚሉ ተነሱ።

ሥራው ያለው እዚህ ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን የተወሰዱ ዕቃዎች ከማን እጅ እንደወጡ የሚያጣራ ሰው ሙዚየሞች ይፈልጋሉ። የመቅደላን ቅርስ ስንጠይቅ ለኖርን ለእኛ ይሄ አዲስ ወሬ አይደለም። ስለዚህ የሙዚየም መዝገብ አያያዝ ተማሪ። ደችሽ ላይ ኢንዶኔዥያኛ ጨምሪ። ጃቫ ላይ ሱራካርታ ከተማ ውስጥ ክሪስን ራሱን የሚያስተምር የሥነ ጥበብ ተቋም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተ የክሪስ ሙዚየምም አለ። ብር ስትቋጥሪ ሂጂ።

ለነገ ግን ከጠመዝማዛዎቹ አንዱን አንሺ። ከእጀታው ጀምረሽ ሞገዱን በግራም በቀኝም ቁጠሪ። ጎዶሎ ቁጥር ካልወጣልሽ ተሳስተሻል፣ ደግመሽ ቁጠሪ።