«ትናንት አይቼዋለሁ» በእንግሊዝኛ ለምን አይሰራም?

እህቴ «በአማርኛ ትናንት አይቼዋለሁ እንላለን፣ ታድያ አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ ስል አስተማሪው ለምን ያርመኛል» ላልሽው፣ እኔ ሙኒክ እየኖርኩ ጀርመንኛ ስማር፣ በኋላም እዛ ለተወለዱ ልጆች አማርኛ ሳስተምር በዚሁ ጉዳይ ብዙ ስለተጨቃጨቅኩ የማውቀውን ልበል።

መጀመሪያ አማርኛሽ ላይ ችግር የለም። «አይቻለሁ» ሲፈታ «አይቼ» እና «አለሁ» ነው፣ ማየቱ ካለፈም እኔ አሁን አለሁ እንደማለት፣ እንግሊዝኛውም በ«ሃቭ» ነገሩን ወደ አሁን ነው የሚጎትተው፣ እስከዚህ ይመሳሰላሉ።

ሃንስ ራይሸንባህ የሚባል ፈላስፋ በ1947 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መፅሀፍ ሶስት ሰዓት ለይቶ አስቀመጠ፣ ነገሩ የሆነበት፣ የምናወራበት፣ እና ቆመን ነገሩን የምናይበት። በ«ሃቭ ሲን» ቆመን የምናይበት አሁን ነው፣ «የስተርደይ» ሲገባ ግን ወደ ትናንት ይስበዋል፣ ተጋጨ። ለእንግሊዝኛ አሪፍ ነው፣ እኔን ግን ጀርመንኛው ላይ አያረካኝም፣ ምክንያቱም ያው የ«ሃቭ» ዘመድ በሆነው «ሃበ» ትናንት አይቼዋለሁ ብትዪ ማንም አያርምሽም፣ እንደውም ደቡቡ ጋ በንግግር ተራውን ያለፈ ጊዜ ትተውታል ማለት ይቻላል፣ «ቫር» (ነበር) የመሳሰሉ ጥቂት ግሶች ሲቀሩ።

ስለዚህ ለኔ የቋንቋ ተመራማሪዎቹ እነ ጆአን ባይቢ በ1994 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የታሪክ መንገድ ይሻላል። እንዲህ አይነት ቅርፅ መጀመሪያ ውጤትን ይናገራል፣ ቀስ እያለ ከአሁን ጋር የተያያዘ ያለፈ ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ ተራ ያለፈ ጊዜ። የፈረንሳይኛ ንግግር መንገዱን ጨርሷል፣ እንግሊዝኛ መሀል ላይ ቆሟል። የኛ? ይመስለኛል እሱም መሀል ነው ግን ትንሽ ገፋ ብሏል፣ «ትናንት»ን ይቀበላል፣ ታሪክ ስናወራ ግን «ገባ፣ አየኝ፣ ወጣ» እንጂ «ገብቷል፣ አይቶኛል፣ ወጥቷል» እያልን አንቀጥልም። አሉታ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ይጠፋል፣ «አይተሽዋል?» ቢሉሽም «አየሽው?» ቢሉሽም መልሱ «አላየሁትም» ነው።

(የኬንያዎቹ ኪኩዩዎች እኮ የዛሬን፣ የትናንትን እና ከዛ በፊት ያለውን ያለፈ በግሱ ላይ ይለያሉ፣ ቻይንኛ ደግሞ ግሱን በጊዜ ጭራሽ አይለውጥም። እኛም ብንሆን እየወጣን «መጣሁ» እንላለን፣ ያለፈ ጊዜ ነው ብለው ያስተማሩንን!)

ለፈተናሽ፣ «የስተርደይ»፣ «ላስት ዊክ»፣ «ኢን 2015» አይነት ያለቀ ሰዓት ካየሽ «ሃቭ»ን አውጥተሽ «ሶው» በይ። «ኦልሬዲ» ወይ «ኔቨር» ካለ «ሃቭ» ይቀመጥ፣ አሜሪካኖቹ ግን እዛም ላይ ይጥሉታል።